ዘጠና ስድስት በመቶ ጸድቋል

ለተከበሩ አቶ መሐሪ፣ ለወረዳችን የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ኃላፊ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። የምጽፈው ቀስ እያልሁ ስለሆነ ደብዳቤው ከዘገየብዎ ይታገሡኝ፤ እኛም የእርስዎን መልስ ሁለት ክረምት ታግሠናል።

በጥር ወር «ሕዝቡ አካባቢውን እንዲጠብቅ መንግሥት እንዴት ያበረታታው?» በሚል ርዕስ በሚያደርጉት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ፣ በሟች ልጄ በውባለም ስም የምስክር ወረቀት እንድቀበል የላኩልኝ ጥሪ ደርሶኛል። ስላሰቡኝ እጅግ አመሰግናለሁ። መምጣት ስለማይሆንልኝ ግን ጥያቄዎን በጽሑፍ መልሼ፣ ሌላውም ሰው እንዲያነበው በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ከሪፖርትዎ ጎን ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እቅድዎ አመሰግናለሁ። ከደጃችን በታች ያለው ቦረቦር በየክረምቱ እየተናደ የገበያውንና የትምህርት ቤቱን መንገድ ሊበላ ሲደርስ፣ በችግኝ ጣቢያው ትሠራ የነበረችው ልጄ፣ ጎርፉን የሚያበርድ የድንጋይ ክትር እንዲሠራ፣ ድንጋዩንና ጉልበቱን እኛ እንደምናዋጣ፣ ከእናንተ የምንሻው ማሰሪያ ሽቦ ብቻ እንደሆነ ጽፋ አመለከተች። እቅዱ ጸድቋል፣ በጀቱ እስኪጸድቅ ጠብቁ ተባለች። ማታ ቤት ገብታ «እማ፣ እዚያ ቢሮ የማይጸድቀው ችግኝ ብቻ ነው» ብላ ሳቀች። ቀልዷን ለእርስዎ ማድረሴ ቅር አያሰኝዎ፤ ከእርሷ የቀረኝ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለሰጡን ግንዛቤ አመሰግናለሁ። ሐምሌ ላይ በመኪና መጥታችሁ፣ በሽቦው ፈንታ ኮፍያና ካናቴራ አድላችሁ፣ ፎቶው ላይ ገደሉ ከኋላ እንዲታይ ችግኙን ከአፋፉ ጫፍ እንድንተክል አዘዛችሁን። ጎረቤታችን አባ ወልደ ሰንበት አፈሩ ተሰንጥቋል፣ እዚህ ከቆፈርን ውኃ እናስገባበታለን ብለው ቢለምኑ፣ ልጄም ብትለምን፣ እርስዎ «ይህ ሕዝብ ገና ግንዛቤ ይጎድለዋል» አሉ። እኛም ቆፈርን።

ሦስተኛ ቆጠራው ነው። መስከረም ሦስት ቀን፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ቁጥሩ ለሪፖርት በአስቸኳይ ይፈለጋል ብላችሁ የጸደቀውን እንድትቆጥር ልጄን ላካችኋት። አፋፉ ከነችግኙ፣ ከነልጄ ተናደ። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ቆፍረው ያወጧት ያው ግንዛቤ የሚጎድላቸው ጎረቤቶቻችን ናቸው። ደብተሯ ከነጠላዋ ሥር ተገኘ፤ እስከ አርባ አንድ ድረስ ቆጥራለች።

በሳምንቱ የተለጠፈው ሪፖርትዎ ግን በዚያ ቦታ ከተተከለው ዘጠና ስድስት በመቶ ጸድቋል፣ ቦረቦሩም አገግሟል ይላል። ማን እንደቆጠረው አልተጻፈም። የንስሐ አባቴም ሊያጽናኑኝ ሲመጡ ውባለም ጸድቃለች ይሉኛል። እርሳቸው ወደዚያ ሄደው አላዩም፤ በእምነት ነው የሚናገሩት። የእናንተም ቢሮ በእምነት እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

አራተኛ ብዬ የምጽፈው ለምስጋና አይደለም። ያገገመ ቦረቦር ሽቦ አያስፈልገውም ተብሎ የእኛ ሽቦ ለሌላ ቀበሌ መሰጠቱን ሰማሁ። ታናሿ ልጄ ቃልኪዳን በየማለዳው ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያው አፋፍ ነው። ሌላ መንገድ የለም። ከመንገዱ እስከ ገደሉ ረግጬ ለካሁት፤ ሦስት እርምጃ ቀርቶታል።

እንግዲህ ሕዝቡን እንዴት እናበረታታው ብለው ለጠየቁት፣ ያዋጣነው ድንጋይ እንደተከመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ሣር በቅሎበታል። ከዚህ በላይ መበርታት አናውቅበትም። ያችን ቁጥር ሰርዛችሁ እውነተኛውን ጻፉ፤ ሽቦውም ክረምት ሳይገባ ይምጣልን። ልጄ የሞተችበት ሥራ በሐሰት ሲጻፍ ያየ ሰው፣ በሚመጣው ሐምሌ ዶማ አንሱ ቢባል እጁ አይታዘዘውም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለልጆችዎ ደልዳላ መንገድ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የውባለምና የቃልኪዳን እናት
አዜብ ፈንታው

ማስታወሻ፦ ኅዳር ላይ ወደ ቦረቦሩ ሥር ወርጄ፣ ከተናዱት ችግኞች መካከል አንዲት ጽድ ቆማ አገኘሁና በእሾህ አጠርኋት። ለሪፖርትዎ ትሁንልዎ፤ የጸደቀው አንድ ነው። ላረጋግጥ ካሉ ግን እባክዎ ራስዎ ይምጡ፤ የሰው ልጅ አይላኩ።