ዳማው እልልታ ሲሰማ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለአዳነ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የአዲ አርቃይ ሙቀትስ አልጣለህም? እኔና ልጅህ ምስጢር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ልበልህ እንጂ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በስልክ እንዳልነግርህ ገና ስጀምር ትቆጣና ትዘጋብኛለህ። ይህን ነገ ወደዚያ ለሚወርደው ለኢሱዙው ሾፌር ለሐምዛ እሰጠዋለሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ወንድምህ ፋንታሁን ከኮላ ድባ ደውሎ «የገና ማግስት መጥቼ ዳማውን ፈረስ እወስዳለሁ፤ ለጥምቀት ጉግስ እንድጋልበው አዳነ ፈቅዶልኛል» አለኝ። ምነው አዳነ? እኔን አንድ ቃል ሳትጠይቅ? ፈረሱ ያንተ መሆኑ አልጠፋኝም። አሁን ግን ሥራ ላይ ነው፤ ያልነገርኩህም ይህንኑ ነው።

ከመስከረም ጀምሮ ምስጢር ዳማው ላይ ትወጣለች። ቆይ፣ አትጩህ! በሳምንት ሁለት ቀን፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ነው። ሐሳቡን ያመጣችው ወገቧን የምታሠራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ሰላም ናት። ኮርቻ የለም፤ ብርድ ልብስ ታጥፎ ጀርባው ላይ ይታሰራል። የድሮው ባለጋሪ ጎረቤታችን አያ ማሩ ልጓሙን ይዘው ቀስ እያሉ ይመራሉ፤ ሰላም በቀኝ፣ እኔ በግራ ጭኗን ደግፈን አብረን እንሄዳለን። ፈረሱ ሲራመድ የእሷም ወገብ አብሮ ይሄዳል፤ እንዳትወድቅ ስትታገል ጀርባዋ መጽናት ይማራል። እኔም መጀመሪያ «ሰባት ዓመት በትራስ ተደግፋ የኖረች ልጅ ፈረስ ላይ? አብደሻል እንዴ!» ብያታለሁ።

ኅዳር ላይ፣ በቁስቋም ሰሞን፣ ምስጢር ሁለት እጇን ከጋማው አነሳች። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ማንም ሳይደግፋት ብቻዋን ተቀመጠች። ምን ልበልህ አዳነ! ራሴን ረሳሁና እልል አልኩ።

ዳማው ምን ያውቃል? በየጥምቀቱ ጉግስ ስትገጥም ከሰው ሁሉ አስበልጬ እልል የምልልህ እኔ ነበርኩ። የእኔን እልልታ ሲሰማ መፈትለክ ነው የለመደው። ተፈተለከ። አያ ማሩ ልጓሙን አልለቅም ብለው መሬት ለመሬት ተጎተቱ፤ ክርናቸው ተላጠ። ሰላም የልጅቷን ወገብ እንደያዘች አብረው ወደቁ። ራሷ ላይ ያጠለቅንላት ሄልሜት ባይኖር... አልጽፈውም። ምስጢር ምንም አልሆነችም፤ ግን ሁለት ሳምንት ፈረስ የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

ከዚያ ወዲህ ዳማውን እልልታ እያስረሳነው ነው። አያ ማሩ ገብስ ያበሉታል፤ እኔ ራቅ ብዬ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጮክ አድርጌ እልል እላለሁ። ጎረቤቱ አብዳለች ብሎ ትቶኛል። አሁን ጆሮውን ያቆማል እንጂ ለሩጫ አይነሳም። ምስጢርም እየፈራች ተመልሳ ወጥታለች። ሰላም ግን «አንድ ጊዜ ደግሞ ከሮጠ እናቆማለን» ብላኛለች፤ ሌላ ገራም ፈረስ ከየት ይመጣል? ፋንታሁን ወስዶ አሥር ቀን በከበሮና በእልልታ ካስጋለበው ልፋታችን ገደል ገባ። ልጅቷም ወደ ትራሷ ልትመለስ ነው።

እለምንሃለሁ፣ ከገና በፊት ለፋንታሁን ደውልና «ተወው» በለው። ይቆጣል፤ ይቆጣ። አንተም ትቆጣ ይሆናል። ግን «ሰው ያያታል» ብለህ ምስጢርን ቤት ዘግተንባት ቀሐ የወረድንበትን ጥምቀት አስታውስ። በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። አንተ ስትጋልብ እልል ስል ውዬ ስመለስ፣ ከአልጋ ወድቃ እየተሳበች በሩ ሥር ደርሳ አገኘኋት። ይህን እስከ ዛሬ ነግሬህ አላውቅም።

ስምንት ወር ያልመጣኸው ሥራ በዝቶብህ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲያ ነው የምለው።

ና። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሜዳው ላይ ነን። ስታያት መፎከርህ አይቀርም፣ አውቅሃለሁ። አደራህን! ዳማው ያንተንም ድምፅ ያውቃል። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ነው የማያት፤ አንተም ጋቢህን ንከስ። እሷ ወርዳ፣ ፈረሱ ከታሰረ በኋላ፣ አንተ ትፎክራለህ፣ እኔም እልል እላለሁ። ስትወለድ ከተባለላት ሦስት እልልታ ወዲህ የደረሳት ያቺ የኅዳሯ ብቻ ናት፤ እሷም በለቅሶ አለቀች።

የቀሐው ኢየሱስ መንገድህን ያቅናልህ፤ ልብህንም ወደ ቤትህ ይመልስልህ።

የምስጢር እናት፣
የትነበርሽ