ጨርቁ ወረደ እንጂ መኪናው አልተገለበጠም

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራና የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ማኅተሞችዎም በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኛን ጤና ቢጠይቁ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ አባቴ ግን በቢሮዎ መዝገብ መሠረት ከከባድ የመኪና አደጋ በተአምር ተርፈው ቤት ተቀምጠዋል። በአደባባይ የምጽፍልዎ ስለዚሁ ተአምር ላመሰግንዎ ብዬ ነው። ሦስት ማመልከቻ በመስኮት አስገብቼ ጆሮ ዳባ ልበስ ስለተባልኩ ጭምር መሆኑንም አልደብቅዎትም።

ማንነታችንን ላስታውቅ። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። አባቴ አርባ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አባ ቀስታ» ይላቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ዛሬ ወልደው ልጆቻቸውን በዚያው አውቶቡስ ልከዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አባቴ ዶሮ እንኳ ገጭተው አያውቁም። በእሳቸው ፍጥነት የሚሄድ መኪና አይገለበጥም፤ ቢበዛ ደክሞት ጋደም ይላል። በዚህ ምክንያት ስንት ጊዜ ከኋላ ጡሩምባ እንደተነፋባቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር የሌለው ወረቀት መስኮታችሁን እንደማያልፍ ተምሬያለሁና።

አንደኛ፦ ለመርማሪዎ። የአባቴ መኪና እርጅና ተጫጭኖታል። የውስጥ ጣሪያውን የሚሸፍነው ጨርቅ ከተለጠፈበት ካርቶን እየተላቀቀ፣ መጀመሪያ ከኋላ ወንበር በላይ ትንሽ ሆድ አወጣ፤ ቀጥሎ ወደ ፊት መጣ፤ በመጨረሻም አባቴ ራስ ላይ እንደ ሻሽ አረፈ። እሳቸው በመርፌ ቁልፍ ሰቅለው ያዙት። መርፌ ቁልፉ አንድ በአንድ ሲረግፍ በአንድ እጃቸው ጨርቁን እየደገፉ በሌላው መሪ መያዝ ጀመሩ። ይህ ነውር ነው፤ የኋላ መመልከቻ መስታወቱንም ይጋርዳል፤ እኔም አፌ እስኪዝል ተናግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ መርማሪዎ ይህ መኪና አያልፍም ማለታቸው ልክ ነበር፤ ይህኛው ምስጋና አሽሙር የለበትም። አሽሙሩ የሚጀምረው ከቅጹ ነው። ሳጥኑ ጠብቧቸው ይሁን ወይም እስክሪብቶው ቀለም ሊጨርስ ሲል፣ «የጣሪያው ጨርቅ ወርዷል» ብለው መጻፍ ሲገባቸው ጨርቁን ለራሳቸው አስቀርተው «ጣሪያው ወርዷል» ብለው ፈረሙ። በዚህ ዘመን ቃል የሚቆጥብ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለምና አደንቃቸዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ። በዚያ ሳምንት መዝገብ ቤታችሁ ያረጁ መዛግብትን ወደ አዲስ መዝገብ እየገለበጠ ነበር አሉ። ሠራተኛዋ የአባቴን ፋይል ቃል በቃል ገለበጡ፤ መገልበጣቸውን ለማሳወቅም በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በጣም ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ «ተገልብጧል» ብለው ጻፉና ማኅተም አሳረፉበት። እሳቸው ጽሑፉ ተገልብጧል ማለታቸው ነው፤ ምንም አላጠፉም። ፋይሉ አደጋ ክትትል ክፍል ሲደርስ ግን የክፍሉ ሹም ከላይ «ጣሪያው ወርዷል»፣ ከጎን «ተገልብጧል» የሚለውን አነበቡ፤ ሁለቱን ገጣጠሙና የአባቴን መኪና ገለበጡት። ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ መኪና ሲገለብጥ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ጉልበታቸው ይባረክ። በዚያ ሳምንት የተገለበጡት ፋይሎች ሦስት መቶ ያህል እንደነበሩ ሰምቻለሁ። የሌሎቹ ባለንብረቶች ጣሪያ ስላልወረደ ተርፈዋል።

ሦስተኛ፦ የአባቴ መንጃ ፈቃድ «ለራሳቸው ደህንነት ሲባል» ተያዘ። ማስለቀቂያው ቀላል ነው፣ ስለ መገልበጡ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ ማምጣት ብቻ ነው ተባልን። ሄድን። ፖሊሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ለአባቴ ወንበር ስበው ከሰጡ በኋላ፣ ያልደረሰ አደጋ ማስረጃ ከየት አመጣለሁ አሉን። እንግዲያው አለመድረሱን ይጻፉልን ብንላቸው፣ ያልደረሰውን ሁሉ ልመዝግብ ብል ወረቀቱ እንዴት ይበቃኛል ብለው ሳቁ፤ እውነታቸውን ነው። ተመልሰን ይህንኑ ስናስረዳ አራተኛው መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛዎ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየና፣ «ኧረ ጉድ! አደጋውን ሳያስመዘግቡ ነው የተሰወሩት ማለት ነው?» አለ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ አፍጥጦ አየን። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት። እንዲህ ግራ ሲገባቸው አይቼ አላውቅም ነበር።

አራተኛ፦ ጨርቁን ራሴ ጠገንኩት። የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ የእጅ መያዣዎቹንና የውስጥ መብራቱን ፈታን፤ ካርቶኑን እንዳይሰበር ቀስ ብለን በኋላ በር አወጣን። ከጨርቁ ጀርባ የነበረው አሮጌ ስፖንጅ ዱቄት ሆኖ ስለነበር ሁለት ሰዓት ሙሉ በብሩሽ ስንጠርግ እኔም አባቴም ቢጫ ሆንን። ጀርባው ስፖንጅ የሆነ አዲስ ጨርቅ ቆረጥኩ፤ ማስቲሹን ካርቶኑንም ጨርቁንም ቀባሁ፤ ጣት ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ጠበቅሁ፤ ከዚያ ከመሀል ጀምሬ ወደ ዳር በመዳፌ እያሻሸሁ አለበስኩት። ጎድጓዳው ቦታ ላይ ጨርቁን ወጥሮ ማለፍ አይገባም፤ የተወጠረ እንደሆነ በመጀመሪያው ሙቀት ተመልሶ ይወርዳል። አባቴ ሌላውን ጫፍ ይዘውልኝ ነበር። ሥራዬ ስለሆነ አልመካበትም እንጂ አንዲት ሽብሽብ የለችበትም።

መኪናውን መልሰን ስናቀርብ መርማሪዎ ጣሪያውን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ብለው መረቁኝ፤ ከዚያም በቅጹ ላይ «ጣሪያው ተስተካክሏል» ብለው ጻፉ። ጨርቅ የምትለዋ ቃል አሁንም የለችም። ክትትል ክፍሉም ይህን «የአደጋው ምልክት ሆን ተብሎ ጠፍቷል» ሲል ተረጎመው። እኔም በማስቲሽ ማስረጃ ያጠፋሁ ተባባሪ ሆንኩ። ሃያ ዓመት መጋረጃ ስሰፋ እንዲህ ያለ ማዕረግ የሰጠኝ የለም፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አምስተኛ፦ ወሬው ከመስኮታችሁ ወጥቶ ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ጎረቤት እየመጣ «እንኳን አተረፈዎት» ይላል። አንዷ ጎረቤታችን እብጠት ፍለጋ የአባቴን ጭንቅላት ዳበሱ። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ሳቁ፤ በሁለተኛው ቀን ተቆጡ፤ በሳምንቱ በር ሲንኳኳ ወደ ጓዳ መግባት ጀመሩ። በልጅነቷ አውቶቡስ ላይ ከኋላቸው ትቀመጥ የነበረች፣ አሁን የሁለት ልጆች እናት የሆነች ሴት አለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቿን ወደ ዋና ትምህርት የሚያደርሱላት እሳቸው ነበሩ። እሷ መጥታ ጉልበታቸውን ስማ፣ ፈቃዱ ቢመለስም ከእንግዲህ አይድከሙ፣ ሌላ ሰው አግኝቻለሁ አለቻቸው። በጨዋ ደንብ ነው ያለችው። አባቴ ግን የዚያን ዕለት ራታቸውን አልበሉም።

ስድስተኛውን በቁጥር ላስቀምጠው አልቻልኩም። ባለፈው ሐሙስ መኪናዬ ላይ (የስፌቱን ማለቴ ነው፤ ይህንንም እንዳትገለብጡት) ተቀምጬ ስሰፋ አባቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ልጄ፣ ምናልባት ገልብጬው ረስቼው ይሆን እንዴ?» አሉኝ። ስፌቴን አቆምኩ። ምን ነካዎት አባዬ፣ የወረደው ጨርቅ አይደለም እንዴ፣ አብረን አይደል የጠገንነው አልኳቸው። «እሱማ ነው» አሉ። የምሰፋውን መጋረጃ ጠርዝ በጣታቸው እያሻሹ፣ «ግን እኮ ማኅተም አለው» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን አልቀልድበትም። አባቴ አርባ አንድ ዓመት ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሁሉ አክብረው የኖሩ ሰው ናቸው። ማኅተም ይሳሳታል ብለው ማሰብ ስላልለመደባቸው ራሳቸውን ተጠራጠሩ። በስተርጅና የገዛ አእምሮውን ለሚጠራጠር ሰው ምን ብለው እንደሚያጽናኑት የምታውቁ ከሆነ አስተምሩኝ፤ እኔ አቅቶኛል። አንጀቴ ነው የተቃጠለው። በጣም ተናድጃለሁ፤ የምስጋናው ቋንቋ አላስታወቀብኝ እንደሆነ ብዬ ነው በግልጽ መናገሬ።

ቢሮዎ ስላዘጋጀልን መፍትሔም ማመስገን አለብኝ። «ጥፋቴን አምናለሁ» የሚል ቅጽ ከወር በፊት ተሰጥቶናል። አባቴ ከፈረሙ የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደው ፈቃዳቸው በሳምንቱ ይመለሳል። ካልፈረሙ ማጣራቱ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ማጣራቱ የሚጀመረው ደግሞ እኛ የአደጋውን ማስረጃ ስናመጣ ነው። ስለዚህ የዋሸ ሰው በሰባት ቀን ይነዳል ማለት ነው። ቅጹ ይኸው አሁን ጠረጴዛችን ላይ ነው። አባቴ ነገ ጠዋት ፈርመው ይዘውት ሊመጡ ሸሚዛቸውን አስተኩሰዋል፤ በግድ እንዳልይዛቸው አባቴ ናቸው። ከፈረሙ ግን ፈቃዱን ይዘው ሲመለሱ መኪና የገለበጠ ሰው ሆነው ነው የሚመለሱት፤ ያን ጊዜ እኔም አልገለበጡም ብዬ የማስረዳበት አፍ አይኖረኝም።

የምለምንዎ አንድ መስመር ብቻ ነው። በዚያው ኅዳግ ላይ፣ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር፣ «የተገለበጠው ጽሑፉ ነው» ተብሎ ይጻፍልን። እስክሪብቶ ከጠፋ እኔ አመጣለሁ። ወይም ደግሞ ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ሦስቱን ፎቅ ወርደው፣ መኪናውን በዓይንዎ ይዩት። ቀጥ ብሎ በአራት ጎማው ቆሟል።

ለማኅተምዎ ያለኝን ፍርሃት፣ ለደረጃዎችዎ ያለኝን ድካም፣ ለመስኮቶችዎ ሁሉ ያለኝን የማያልቅ ሰልፍ በአክብሮት እያቀረብኩ፣ እርስዎን የሚገለብጥ ክፉ ጸሐፊ እንዳይገጥምዎ ከልቤ እመኛለሁ።

የአባ ቀስታ ልጅ፣
መጋረጃ ሰፊዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለአባቴ አነበብኩላቸው። «አበዛሽበት፣ እሱም የሰው ልጅ ነው» ብለው ሁለት ቦታ አሰረዙኝ፤ ስለዚህ በጎደለው እሳቸውን ያመስግኑ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠርገው የእናንተን ቅጽ ሳቡ። እንደምታውቁት ፊርማቸውን ስትጠብቁ ወር አልፏችኋል። «ጥፋቴን አምናለሁ» የሚለውን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዙና ከሥሩ በራሳቸው እጅ፣ ቀስ ብለው፣ «መኪና ገልብጬ አላውቅም» ብለው ጻፉ። ፈርመውበታል፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።