ቢጫዎቹ አበቦች ወጥተዋል

ፊደል ላስቆጠርከኝ ለባለቤቴ ለአበጀ፤

በኅዳር ተለይተኸኝ ይኸው ሚያዝያ ገባ። ላሟ ወልዳለች። የቤቱ ክዳን ማፍሰስ ጀምሯል፤ የሚከድንልኝ ሰው አጣሁ። ደጄን የሚረግጥ የለም። አንተ ያመጣሃቸው አበቦች ግን ወጥተዋል።

የጣልያኑ ሹም ደብረ ማርቆስ ላይ አትክልተኛው ሲያደርግህ ምንኛ እንዳፈርኩ ታውቃለህ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር። አንድ ቀን ሹሙ ከአገሩ ካስመጣው የአበባ ሥር፣ ያን ነጭ ሽንኩርት የመሰለውን፣ በጋቢህ ጫፍ ቋጥረህ መጣህ። የጠላት አበባ ደጄ አይተከልም አልኩህ። አንተ ግን ከአጥሩ ጥግ ተከልከውና በጸደይ ያብባል አልከኝ። እኔም ፊቴን አዞርኩብህ። ውጋቱ ሲጥልህ እንኳ ውኃ አቀብልህ ነበር እንጂ አላነጋገርኩህም። ቀብርህ ላይ የቆምነው በጣት የምንቆጠር ነበርን።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጣል ሲያደርግ ብቅ አሉ። ከመሬት አራት ጣት አይበልጡም፤ ፀሐይ ሲነካቸው ይከፈታሉ፣ ሲደምን ይከደናሉ። ልነቅላቸው ጎንበስ ስል፣ ጣልያኖች ልጇን የረሸኑባት ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ደርሳ እጄን ያዘችኝ።

«አትንቀያቸው» አለችኝ። «ልጄ ያለው እንዲህ ያለ አበባ ሥር ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ሬሳውን ከልክለዋት ከሹሙ ግቢ ጀርባ ጥለውት ነበር። አንተ ማለዳ፣ ሰው ሳይነሳ፣ ከአትክልቱ ዳር ቀበርከው፤ ዳዊት በቃልህ ደገምክለት፤ ቦታው እንዳይጠፋት አበባውን ተከልክበት። ሚስቴ ብትጠየቅ የምታውቀው አይኑር ብለህ አስማልካት። ሰሞኑን ዕንቁላል ልትሸጥ በዚያ ስታልፍ አብቦ አየችው፤ ከዚያ ወዲያ መሐላዋን መጠበቅ አልቻለችም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብለን አለቀስን።

አበጀ፣ ያን ሁሉ ሸክም ብቻህን ስትሸከም እኔ አጠገብህ ሆኜ ጀርባዬን ሰጠሁህ። ይቅር በለኝ።

ለሙት ዓመትህ ቄሱ ያንተንና የእትዬ ውዴን ልጅ የክርስትና ስም አብረው እንዲያነሱ ለምኛቸዋለሁ። ሰው ባይመጣም እኔና እትዬ ውዴ እንቆማለን። ከእንግዲህ ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ዝም ቢሉም፣ እኔ ግን ስምህን ጮክ ብዬ እጠራለሁ።

ሚስትህ የሻረግ