የአርባ ሦስተኛው ፊት

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን ልጠይቅ። ጀልባ ነጂው ደሞዝ ባለፈው ወደዚህ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለሚው በምርኩዝ ሆኗል አለኝ። ምርኩዝ መያዝሽን ካንቺ ሳልሰማ ከጀልባ ነጂ መስማቴ ቅር ቢለኝም፣ መቼም አንቺ ሕመምሽን ተናግረሽ አታውቂ። ቁንዝላ እንዴት ከረመች? ጤፉስ እንዴት ነው? ላሚቱ ወለደች ወይ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደኅና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ዐይንሽ እንዳይደክም ፊደሉን አተልቄ ጽፌዋለሁና ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው። መሠረተ ትምህርት የተማርሽው ለዚህ ቀን ነው። ለሌላ ሰው ሰጥተሽ አታስነብቢ።

በመስከረም መጨረሻ በጎረቤትሽ በእናትዓለም ስልክ የነገርሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። የወንድምህ የፍሬ ስብሐት ድምፁ አለ፣ መልኩ ግን እየሸሸኝ ነው አልሽኝ። ዐይኑን ስይዝ አፉ ይጠፋኛል፣ አፉን ሳገኝ ግንባሩ ይሄድብኛል፤ አለኝ ያልኸውን ፊቱን ለሙት ዓመቱ አምጣልኝ፣ ሌላ ካንተ ምንም አልፈልግም አልሽ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አለኝ ማለቱንስ ብያለሁ። አምና በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሐይቁ ታናሼን ከነታንኳው በወሰደ በሦስተኛው ቀን፣ አስከሬኑ ባይገኝ እንኳ የማየው ፎቶ የለኝ እያልሽ ደረትሽን ስትደቂ አላስችል አለኝና፣ ፊቱ እኛ መሥሪያ ቤት ባለው መሣሪያ ውስጥ አለ፣ አወጣልሻለሁ አልሁሽ። ለቀስተኛው ሁሉ ሰማ። አንቺም ደረትሽን መድቃት ተውሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አልነበረኝም።

ፎቶ የጠላው ራሱ ነው፤ ታውቂዋለሽ። ከቆሎ ተማሪነቱ ጀምሮ ሰው ስልክ ሲያነሣበት ነጠላውን ወደ ፊቱ ይስባል። በአጎታችን ልጅ ሠርግ የተነሣነው ፎቶ ላይ ያለው የሱ ማጅራት ብቻ ነው። መታወቂያው ኪሱ ውስጥ እንዳለ አብሮት ሄደ፤ የቀበሌው ማኅደርም ጽሕፈት ቤቱ ሲቃጠል ነደደ። ግድግዳሽ ላይ ያለው የኔ የምርቃት ፎቶ ብቻ ነው። እሱን እያየሽ ወንድሜን እንዳታስቢበት ደግሞ አፍንጫዬ አለ። ሰው መንታ ናችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቀን እሱ ይስቅና ቀጥ ያለው እኔ ነኝ ይል ነበር። በመቅዘፊያ የሰበረኝ እሱ፤ በቅቤ እያሸሽ ልታቀኚኝ ወር ሙሉ የደከምሽ አንቺ፤ ወደ ግራ እንደ ጠመምሁ የቀረሁት እኔ።

ሥራዬን በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም። ኤም አር አይ የሚባል፣ ሰው ተጋድሞ የሚገባበት ትልቅ መሣሪያ አለ፤ ራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን እንደ ፎቶ ያነሣል። ከሐይቁ ዳር ሰዎች የመቶ ዐሥራ ዘጠኙን አንሥተን፣ የሌላ አገር ተመራማሪዎችም የየራሳቸውን ከጨመሩበት አንድ የጋራ ማከማቻ አስገባን። እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አድርገሽ አስቢው፤ ብዙ ደብር ንብረቱን አንድ ላይ ያኖረበት፣ ቁልፉ ግን በአንድ ሰው እጅ ብቻ የማይያዝ። የኔ ሥራ የኛን ድርሻ መጠበቅ ነው። ስም ተፍቆ በቁጥር ይተካል። መሣሪያው አንጎሉን ሲያነሣ አፍንጫና ከንፈሩንም አብሮ ይቀርጻልና፣ ማንም አይቶ ይህ እገሌ ነው እንዳይል ፊቱን ቆርጠን እናጠፋለን። ይህ የሚደረገው ወደ ውጭ በሚላከው ቅጂ ላይ ነው፤ ዋናው ከነፊቱ እኛው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል። መሣሪያው ሲሞከር መጀመሪያ የገባሁበት እኔ ነኝ። የኔ ለሙከራ ብቻ ስለ ነበር ቁጥርም አልወጣለት፣ የትም አልተላከ፤ ከነፊቱ አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ተረስቶ ቀርቷል።

ፍሬ ስብሐት አርባ ሦስተኛው ነው። ሰው ጎድሎብኝ ለምኜ አመጣሁት። የስምምነት ቅጹን ከኔ አጥብቆ አነበበና፣ ይኸ ነገር ፊቴንም ይይዛል ወይ አለኝ። ከምንልከው ላይ እናጠፋዋለን አልሁት። እዚህ ከሚቀረውስ አለ። እኔ የምሞተው አንድ ጊዜ ነው፣ ከሞትሁ በኋላ ሰው እየከፈተ የሚያየኝ ነገር እንዲቀር አልፈልግም፤ ሁሉንም አጥፋው፣ ያባታችን አጥንት ይውጋኝ በል አለኝ። አልሁለት። በማግሥቱ ከዋናውም ከመጠባበቂያውም ፊቱን አጠፋሁ። ሥራ እንዲያ አጥርቼ ሠርቼ አላውቅም። ዛሬ የመቶ ዐሥራ ስምንት ሰው ፊት እጄ ላይ አለ። ከነሱ የአንዱ እናት መጥታ ብትጠይቀኝ በግማሽ ቀን ነው የማወጣላት። የሌለኝ የወንድሜ ብቻ ነው።

ከለቅሶው እንደ ተመለስሁ፣ እንደሌለ እያወቅሁ መፈለግ ጀመርሁ። አብራኝ የምትሠራ ሔራን የምትባል የሐዋሳ ልጅ አለች፣ ደግ ሰው ናት፤ ያረጀ ዲስክ ሁሉ እየሰካች ሁለት ሳምንት ከኔ ጋር ቆፈረች። የለም። አንድ ነገር ብቻ ቀረን። እሱ በተነሣበት ዕለት መላኩ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ወደ ጋራው ማከማቻ የላክነው የሙከራ ቅጂ ነበር፤ ፊት ሳይጠፋለት ሄዶ ይሆናል አለችኝ። እንግዲህ በገዛ እጄ ያስገባሁትን ለማየት እንደ ባዕድ ማመልከት ሊኖርብኝ ነው።

ማመልከቻው ዘጠኝ ገጽ ነው። ለምን ፈለግኸው ይላል፤ ለጥናት ብዬ ዋሸሁ። መጨረሻው ላይ፣ በዚህ ውስጥ ያለ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ አልሞክርም ብለህ ፈርም ይላል። የወንድሜን ፊት ልፈልግ፣ ወንድሜን ላላውቀው ፈረምሁ። ኃላፊያችን ዶክተር ምናሴ ነገሩን ሲሰማ አልተቆጣኝም፤ ለአንድ ሰው ፊት ብለህ የመቶ ሰው አደራ እንዳትበላ አለኝ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን የምለው ይህንኑ ነው። ከጥር እስከ ሰኔ ጠበቅሁ። ፈቃዱ ሲመጣ ኢንተርኔት ጠፋ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ የይለፍ ቃሉ ጊዜው አልፎበት ነበርና እንደገና አመለከትሁ። ነሐሴ ላይ ፋይሉ እየተንጠባጠበ በዐሥራ አንድ ቀን ወረደ። በዚያ መሐል ከቢሮዬ መስኮት ሐይቁን ላለማየት ወንበሬን አዙሬ ነበር የምቀመጠው።

ከፈትሁት። አንጎሉ አለ። ጆሮዎቹም በከፊል አሉ። ከግንባሩ በታች ግን በጭልፋ የተጨለፈ ይመስላል፤ ባዶ ነው። የሙከራውን ቅጂ እዚያ ያሉት ሰዎች ተቀብለው ራሳቸው አጽድተውታል። አልፈርድባቸውም፣ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ተቀምጬ አንጎሉን ብቻ አየሁት። ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ያን ሁሉ ዓመት ደጅ ጠንቶ በቃሉ የያዘውን ዜማ የት ጋ እንዳስቀመጠው ፈለግሁ። ምኑም አይታይም እማ። ግራጫ ነገር ነው። እንደ ልጅ አለቀስሁ፤ ሔራን በሩን ዘግታልኝ ወጣች። ስትመለስ ለእናትህ እውነቱን ጻፍላት አለችኝ።

ይኸው ጻፍሁልሽ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ባባቴ አጥንት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ፊቱ ተገኘ። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ ነበር። እንዴት እዚያ ሊቀር ቻለ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ሔራንም አልጠየቀችኝ፣ ማተሚያውን ከፈተችልኝ። ወረቀት ላይ አትሜ፣ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በደሞዝ እጅ ልኬልሻለሁ። ሐይቁ ላይ እንዳይረጥብበት አደራ ብዬዋለሁ።

ስትከፍቺው እንዳትደነግጪ። ፀጉርም ጢምም የለውም፤ መሣሪያው ፀጉር አይይዝም። ዐይኑ የተጨፈነው ተጋድሞ ስለ ነበር ነው፤ እንዲያ ሆኖ ሲታይ የተኛ ነው የሚመስለው። አመድማ መሆኑም የመሣሪያው ቀለም ነው። ግንባሩን እዪው፣ ያባታችን ነው። ጆሮው ያንቺ ነው። አገጩም ያው የምታውቂው ነው። አፍንጫው ወደ ግራ ትንሽ ጠመም ያለ ይመስላል፤ ሲነሣ ራሱን ስላነቃነቀ ነው፣ መሣሪያው አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል። እዚያ ላይ ጣትሽን አታቆዪ። ለእናትዓለምም ሆነ ለሌላ ስታሳዪ ራቅ አድርገሽ ይሁን።

ለሙት ዓመቱ አልመጣም። መንገዱም አይታመንም፣ ሥራውም አይለቀኝም። ጢሜን አሳድጌያለሁ፤ ያየኝ ሰው ቢነግርሽ አይክፋሽ። ከዚያ በኋላም ቢሆን መቼ እንደምመጣ አላውቅም። እኔን ያስጨነቀኝ አንቺ በዚያ ቀን በሰው ፊት ባዶ እጅሽን እንዳትቀመጪ ነበር። ይኸው ነው ልጄ ብለሽ ከያዝሽው ለኔ በቂዬ ነው። አይደለም የሚል ነገር በልብሽ ቢመጣ ግን እዚያው ልብሽ ውስጥ አኑሪው፤ ለኔ አትላኪብኝ፤ ሌላ የማወጣልሽ ፊት የለኝም።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ጉልበትሽን ያጽናው፣ ምርኩዙንም ከጉልበትሽ በፊት ያስረጅልሽ። የወንድሜን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልን። የበደልሁሽን ሁሉ ይቅር በዪኝ፤ ሳታውቂው የበደልሁሽም ካለ እሱንም ጨምሪበት።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሽ ልጨርስ። ግድግዳው ላይ ያለውን የኔን የምርቃት ፎቶ አውርጂና ሣጥንሽ ውስጥ ከልብሱ በታች ክተቺው። ሁለቱን ጎን ለጎን አትስቀያቸው። ምስማሩ ለሱ ይሁን።

ታላቁ ልጅሽ