ጉልበቴ ውስጥ ያለችው ክክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2
ዛሬም ተቆለፈ። ጀሪካን አዝዬ ከምንጭ ስመለስ። ጉልበቴ እንደታጠፈ ቀረ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጣቴ ፈለግኳት። አለች፣ ከጉልበቴ ሎሚ በላይ። አንድ ወገኗ ድቡልቡል፣ አንድ ወገኗ ጠፍጣፋ፣ ጫፏ ሽርፍ። ልክ እንደ ባቄላ ክክ። አምና ከበቅሎ ከወደቅኩ ወዲህ እዚያ ናት። ስጫናት ሸርተት አለች፤ እግሬ ተፈታ። እማዬ፦ «ይቺ ጉልበት ውሃ ቅጂ ስትባል ብቻ ነው የምትቆለፈው።» ስለ ክኳ የምነግርህ ላንተ ብቻ ነው፣ ደብተሬ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፣ አዲስ አበባ
መሃል ሜዳ ሆስፒታል ራጅ ተነሳሁ፤ ወደዚህ ላኩን። አባባ ይዘውኝ መጡ። ዶ/ሩ ወጣት ነው። የአጥንት ስባሪ መጋጠሚያሽ ውስጥ ይንሳፈፋል አለ። ጉልበቴን አይቀድድም። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ፤ በአንዱ ካሜራ፣ በአንዱ መቆንጠጫ። ባቄላ በዚያች ቀዳዳ? አላመንኩም። አባባም አላመኑም። ግን ፈረሙ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17
ተሠራ። ጀርባዬን ማደንዘዣ ወጉኝ፤ ከወገቤ በታች የኔ አይደለም። ነቅቻለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ውሃ። ነጭ ነገር ይዋኛል። መቆንጠጫው ከጎን መጥቶ ያዘው። ያንቺ ጉልበት ነው አሉኝ። የማንም ሊሆን ይችላል።
ማታ ዶ/ሩ ስባሪዋንና ፍርፋሪዎቿን በብልቃጥ ሰጠኝ። እንግዲህ ማተብሽ ላይ እሰሪያቸው ብሎ ሳቀ። እኔ ግን የእማዬን ጥርስ አሰብኩ። አንዲት መድኃኒተኛ ከጥርሷ ትል አወጣሁ ብላ በእጇ አሳይታት ነበር። ትሉ ታየ። ጥርሱ መታመሙን አልተወም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24
ቤት ነኝ። ጉልበቴ አብጧል። ዶ/ሩ ያብጣል ብሎ ነበር። እማዬ ቀዳዳዎቹን አየች፦ «ይህንንማ ቁንጫም ይበሳዋል።» ብልቃጡን ወዘወዘች፦ «የበግ አጥንት ነው። እንደ ጥርሴ ትል።» ቅዳሜ ጋሽ ተክሌ፣ ወጌሻው፣ ይመጣሉ። እማዬ አልወጣም ያለችውን ስባሪ አሽተው፣ ጎትተው ሊያወጡት። ዶ/ሩ ደግሞ ቁስሉ ሳይድን እንዳይታሽ፣ እንዳይጎተት ብሏል፤ ከታሸ ይመረቅዛል። ማንን ልመን? ጣቴ ይፈልጋታል። የለችም። ግን ድሮም ትደበቅ ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 26
ሁሉም ገብስ አጨዳ ላይ ናቸው። ብልቃጡን ከፈትኩ። ባያት አላውቃትም፤ አይቻት አላውቅማ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ትልቋን ስባሪ በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩና ደህናው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተጫንኳት፣ እንደ ድሮው። ድቡልቡል ወገን። አገላበጥኩ። ጠፍጣፋ። ጫፏ ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ።
ሽርፏ።
ራሷ ናት። ሌላ ሰው ሊያውቃት አይችልም። የበግ አጥንት አይደለችም።
ነገ ለጋሽ ተክሌ እግሬን አልሰጥም። «አይነካም» እላለሁ። እሳቸው ፊት ቃል ወጥቶኝ አያውቅም። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሞከርኩት። አይነካም። ድምፄ ቀጠነብኝ። ደገምኩት።
እማዬ ከአጨዳ ተመልሳ ከደጅ፦ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»
ነገን አልጠብቅም። ስባሪዋን ይዣለሁ። አሁን ልነግራት ነው።