ሮምን በካልሲ

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ አስካል፤

እታለም፣ መጀመሪያ ክስ አለኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ሰላምታ ስትደረድሪ እኔን ከጎረቤትሽ ድመት በኋላ ነው የጠራሽኝ። ድመቷ ምን ጽፋልሽ ታውቃለች? ለማንኛውም ቂሜን ዋጥ አድርጌ ልጠይቅሽ፤ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ዳገቱን እሺ አለሽ? ልጆቹ፣ ቤቱ፣ ግቢው ሁሉ ሰላም ነው? እኔና ልጅሽ ዕንቁ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እሷ ካዚኖ ውስጥ የጠዋት ሺፍት ትሠራለች፤ እኔም ታክሲዬን እነዳለሁ።

ያዘዝሽኝን ፈጽሜያለሁ። ዕንቁ የአሜሪካ ቪዛ ሮም ላይ ስትጠብቅ የተዋወቀችውን ሰርፀን እዚያው ድረስ ሄጄ፣ ማንነቴን ሳያውቅ አይቼው መጣሁ። ልጄን ልዳርለት ወይስ ልከልክል የምትይው በእኔ ቃል ስለሆነ አላድበሰብስም። መንገድ ለመንገድ የሚዞር ሰው ነው ያሉሽ አልዋሹሽም፤ እንጀራው ነው። እንግዶችን ሰብስቦ ጥንታዊቷን ከተማ በእግር ያስጎበኛል። እኔም ስሜን ቀይሬ ከፈረንጆቹ ጋር ተቀላቀልኩ።

አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ፣ እንደ አገራችን ልማድ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ታዲያ በአንዱ በር ገብተን በሌላው ወጣን። እኔ ስለ ጥንት ነገሥታት እየሰማሁ በካልሲ ስከተል፣ ድንጋዩ ሲቆረቁረኝ ነው የነቃሁት። አንዲት አሮጊት እግሬን አይታ ስለት ነው ወይ አለችኝ፤ በሐዘን ራሴን ነቀነቅኩላት።

ሰርፀ ግን አልሳቀም። ሰዎቹን አንድ የአደባባይ ፏፏቴ አጠገብ አሳርፎ እየሮጠ ተመለሰና ጫማዬን በብብቱ ይዞ መጣ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበርክኮ አጠለቀልኝ። እሱም መጀመሪያ የመጣ ዕለት እንዲሁ ሆኖ እንደነበር፣ የእሱ ጫማ ግን ተወስዶ እንደቀረ ሹክ አለኝ። ቲፕ ብሰጠው ከአባት አልቀበልም ብሎ እጄን መለሰው።

እታለም፣ ለማያውቀው ሰው የተንበረከከ በሚስቱ ላይ አይኮራም እላለሁ። ቢሆንም እናት ሳትፈቅድ አጎት አይድርም፤ መልስሽን እጠብቃለሁ።

ለሚካኤል፣ ለገንዘቤ፣ ለእትዬ የሻሽወርቅ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለ... ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

ተመለስኩ። ቄስ ኤልሳዕና ሁለት ሽማግሌዎች ክራባት አስረው ሳሎኔ ውስጥ ቆመዋል። ሰርፀ ከሮም በስልክ ለምኖ ልኳቸው ኖሯል። ለጉዳያችን እሺታ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለዋል። ያንቺ መልስ እስኪደርስ ወር ይፈጃል፤ ቄሱን ደግሞ ወር ሙሉ ላቆማቸው አልችልም። ተቀመጡ ልላቸው ነው።

ወንድምሽ ሲራክ
ላስ ቬጋስ፣ ኅዳር ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.