አስፋልት ዳር የቀሩት ስምንት ወይራዎች

ሰቆጣ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለአባቴ፣ ፃግብጂ

አባቴ፣ እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ የሚያስነክስዎት ነገር ተሻለዎት ወይ? ዓይንዎስ? ላሚቱ ወለደች? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ስለ አካሌ ብቻ ነው፤ የቀረውን ከታች ያገኙታል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ጎረቤታችን ምሳው ነው። አብሮ መነጽር ልኬልዎታለሁ። የላክሁት ለጌጥ አይደለም፤ ዲያቆኑን ጠርተው አንብብልኝ እንዳይሉት ብዬ ነው። ያን ልጅ አውቀዋለሁ፤ እሱ አንብቦ ሳይጨርስ አገር ይሰማዋል። እባክዎ በርዎን ዘግተው ብቻዎን ያንብቡልኝ።

ለእናቴ አርባ ስመጣ ልነግርዎ ነበር። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቴም ስለ ብርዱ አወራሁ። እርስዎም ይህች ልጅ ከተማ ገብታ ብርድ ፈሪ ሆና ቀረች ብለው ሳቁብኝ። ከእናቴ ወዲያ ሲስቁ ያየሁዎት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሱን ሳቅ እንዴት ብዬ ላጥፋው?

ነገሩ የካቻምናው ሐምሌ ነው። ሥራዬን ያውቁታል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ነው። በጦርነቱ ክፉ ጊዜ የዋናው መንገድ ዛፍ ሁሉ ለማገዶ ተቆርጦ አልቆ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ አደባባዩ፣ የገበያ ቀን ሽማግሌና ነፍሰ ጡር አረፍ የሚሉባት አንዲት ጥላ እንኳ አልነበረችም። ኃላፊያችን እንግዳ ሊመጣ ነውና መንገዱ አገር በቀል ዛፍ ይልበስ አለ። የእኔ ኮንትራት ደግሞ ሊያልቅ ነበር። ወይራ ተክለሽ ካሳየሽኝ ቋሚ ትሆኛለሽ አለኝ። ወይራን መቼም ያውቁታል፣ ፍሬው ግትር ነው። ሁለት ጊዜ ዘርቼ አንድም አልበቀለልኝ።

ያኔ የደብራችን ወይራዎች ትዝ አሉኝ። ከሥራቸው ወፍ የዘራው ችግኝ እንደ ጎመን መደብ ሞልቶ ነበር። የማን እንደሆነ ደግሞ አልሳትሁትም፤ ከቅጽሩ ጭራሮ እንኳ አይነሣም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በልጅነቴ ለመፋቂያ የቆረጥኋትን ቅንጣቢ እያለቀስሁ አስመልሰውኛል። ብጠይቅዎ የሚሉኝን ስለማውቅ አልጠየቅሁም። ለሥላሴ ልጠይቃችሁ መጣሁ ብዬ አደርሁ። ሲነጋጋ፣ እርስዎ ውስጥ ኪዳን ሲያደርሱ ድምፅዎን እየሰማሁ፣ ከውጭ አርባ ችግኝ ከነአፈሩ ነቀልሁ። ፍየል ይበላው የለም ወይ፣ ለመንገደኛ ጥላ ይሆን የለም ወይ እያልሁ ራሴን አባበልሁ። ለአፍ ዳገት የለውም አይደል!

ጆንያውን አጥር ሥር ሸሽጌ ስገባ እናቴ ደጃፉ ላይ ነበረች። እጄን አየች። እስከ ክርኔ ጥቁር ጭቃ ነበር። የእኛ ግቢ አፈር ቀይ ነው፤ ጥቁር አፈር ያለው ቅጽሩ ውስጥ ብቻ ነው። ምንም አላለችኝም። ውኃ ቀድታ አስታጠበችኝ፣ ቁርሴንም አቀረበችልኝ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረኝ ምሳው ነው። እርስዎ ችግኙ መነቀሉን አይተው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀልዎን ይዘው ወጡ አለኝ። የወሰደ ይመልስ፣ ያየም ይናገር፤ ያልመለሰውንም፣ አይቶ ዝም ያለውንም በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን አስሬያለሁ አሉ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ምሳው ይህን ያወራኝ እየሳቀ ነው፣ ወይኔ የዚያ ሌባ ጉድ እያለ። እኔ በዚያ ሳምንት ችግኞቹን መንገዱ ዳር ተክዬ እንግዶቹ ፊት ተጨብጭቦልኛል። ቋሚም ሆኛለሁ። ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች ብለው ጎረቤት ጠርተው የደገሱት ለዚያ ነበር። ያን ጠላ ሲጠጡ ባየሁዎት ጊዜ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከበር አላልፍም። አሁን በመስከረም እዚህ ላሉት የንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝሁ። እሳቸውም አዘኑና፣ ያሰረው ካልፈታው እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ወደ አባትሽ ሂጂ አሉኝ። መሄዱ ሲያቅተኝ ይኸው ጻፍሁ።

ችግኞቹንማ ቢያዩአቸው ያዝናሉ። ለአንዱ ባለ ሱቅ ልብስ የታጠበበትን ውኃ አትድፋ ብዬ ብለምነው፣ ዛፍሽ ሳሙና ጠላ እንዴ ብሎ አላገጠብኝ። የእሱ ደጅ አምስቱም ደረቁ። ሌላውን ፍየል ጨረሰው፤ ሌላው ላይ አህያ ታስሮበት ተገነደሰ። በጋውን ሙሉ በጀሪካን ውኃ ስቀዳ ከረምሁ፣ ሰው ይህች ልጅ አበደች ወይ እስኪል። ዘጠኝ ቀሩ። ግዝቱ የወሰደ ይመልስ ስለሚል፣ በክረምቱ አንዷን ቆፍሬ ላመጣልዎ ሞከርሁ። ሥሯ አስፋልቱ ሥር ገብቶ ኖሮ እጄ ላይ ተበጠሰች። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። የቀሩት ስምንቱ ወገቤ ደርሰዋል፤ እነሱን መልሼ ላመጣቸው አልችልም።

እንግዲህ እናቴን ያስታውሱ። ያን ዓመት ፍልሰታን እህል ሳትቀምስ እስከ ማታ እየጾመች፣ ቁርባን ሲደርስ ወደ ኋላ የቀረችውን። ሆዴን ያመኛል ስትል፣ የካህን ሚስት ሆነሽ ሰው ምን ይለናል ብለው የተቆጧትን። ጥቅምት ላይ አልጋ ስትይዝ፣ በቃሬዛ ለቅዳሴ እናድርስሽ ቢሏት ራሷን የነቀነቀችውን። መስቀልዎን ሊያሳልሟት ሲጠጉ ወደ ግድግዳው የዞረችውን። እኔ ግርጌዋ ነበርሁ። እጄን ይዛ ጥፍሮቼን በጣቷ ትዳብስ ነበር፣ ጭቃ እንደምትፈልግ። እኔ ያን ጊዜም አልተናገርሁም።

በአርባዋ ማግሥት፣ ምን ብበድላት ነው ከመስቀሌ ፊቷን ያዞረችብኝ ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አባቴ አልሁዎ። ዋሸሁዎት። እርስዎ ምንም አልበደሏትም። እሷም እርስዎን ጠልታ አይደለም።

ሙት ዓመቷ ለኅዳር ቁስቋም ነው። እኔን ቢረግሙኝም፣ ልጄ አይደለሽም ቢሉኝም እቀበላለሁ። በሕዝቡ ፊት ቁሚ ካሉኝ መጥቼ እቆማለሁ፤ ቋሚ ሥራውንም ልተወው። ብቻ ያን ቀን ፍትሐቱ ሲያልቅ ወደ መቃብሯ ራስጌ ጠጋ ብለው፣ ያን እሑድ ያሰሩትን ይፍቱልኝ።

ምርቃት ካልተፈታ ሰው አፍ አያምርም። ቢሆንም ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ የቅዳሴ ዘመንዎን ያርዝምልዎ እላለሁ፤ የሚሰማኝ ከሆነ። ሲፈቱ ግን አደራዎን፣ የወሰደውን ፈትቻለሁ ብለው ብቻ እንዳያቆሙ። ልብዎ እኔን መፍታት እምቢ ካለው የእኔን ያቆዩት። ያየውንም ፈትቻለሁ ይበሉልኝ፤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይበሉት።

ልጅዎ